ያንን ፕላይማውዝ አትቀባው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መኪና የማይጥማችሁ እለፉት፣ አልቀየምም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከኮሎምበስ ኦሃዮ ስልክ ተደወለልኝ። አዲስ አበባ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ አሁን የሦስት ልጆች አባት፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጎረቤቱ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ቤታቸውን ሸጠው ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር በረዷቸውን ሲጠርግላቸው የኖረው እሱ ነበርና፣ ጋራዣቸው ውስጥ የቆመውን መኪና እዚህ ግባ በማይባል ዋጋ ሸጡለት። ፎቶው ሲደርሰኝ መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁ። የ1968 ፕላይማውዝ ሮድ ራነር! ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ አራት ማርሽ፣ 383 ሞተር። ከ1987 ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም። በሾፌሩ በር ሥር ትንሽ ዝገት፣ የኋላው ፓራውልት ላይ አንድ ጠባሳ፣ ወንበሩ ላይ አንድ የተተረተረ ስፌት አለው፤ ከዚያ ውጪ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

"እና ምን ልታደርገው አሰብክ?" አልኩት።

"ቀለም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ ቲቸር። አምስት መቶ ዶላር ቀብድ ከፍያለሁ። እስከ ላሜራው አስልጬ ደማቅ ቀይ ነው የማስቀባው። ወንበሩን በአዲስ ቆዳ፣ ሞተሩን ክሮም በክሮም። ለትልቋ ልጄ ምርቃት ይዤው እገባለሁ።"

ዝም አልኩ። "ቲቸር፣ አሉ?" አለኝ። አለሁ፤ ግን ይሄን በስልክ አላስረዳህም፣ እጽፍልሃለሁ ብዬ ዘጋሁ። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ለሱ ነው። ግን አሜሪካ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ጎረቤት፣ አሠሪ ወይም አማት ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁና ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ አወጣሁት።

መስል ካር የሚባለውን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ዋጋው ተራ የሆነ ባለ ሁለት በር መኪና ውስጥ ለትልቅ መኪና የተሠራ ቪ8 ሞተር መክተት ነው፤ በቃ። ነገሩን ያስጀመረው ብዙ ሰው እንደሚለው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ጀነራል ሞተርስ በዚያ መጠን መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ውስጣዊ ደንብ ነበረው። የፖንቲያክ መሐንዲሶች፣ እነ ጆን ዴሎሪያን፣ ደንቡን በብልሃት ዞሩት። አዲስ ሞዴል ነው አላሉም፤ "በነባሩ መኪና ላይ ደንበኛ መርጦ የሚያስጨምረው ነገር ነው" ብለው 389ኙን ሞተር ከተቱት። በመጀመሪያው ዓመት ከ32 ሺህ በላይ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ፎርድም፣ ክራይስለርም፣ ሼቭሮሌም ገቡበት። ሩጫው ብዙ አልቆየም፤ የኢንሹራንስ ዋጋ ወጣቱን አስለቀሰው፣ የ1970ው የአየር ብክለት ሕግ መጣ፣ በ1973 ደግሞ የዐረቦቹ የነዳጅ ማዕቀብ። አሥር ዓመት እንኳን በወጉ አልሞላም።

የተማሪዬ ሮድ ራነር የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ ያውም የድሃው ወገን። ዛሬ በጨረታ ቤት መብራት ሥር ሲያብለጨልጩ ስለምናያቸው እንረሳዋለን እንጂ እነዚህ የሠራተኛ ልጅ መኪኖች ነበሩ። የፕላይማውዝ ሰዎች ዓላማ ያደረጉት ሩብ ማይልን በ14 ሰከንድ የሚሮጥ፣ ዋጋው ከ3,000 ዶላር በታች የሆነ መኪና መሥራት ነው። መነሻ ዋጋው 2,896 ዶላር ሆነ። ዋጋው ዝቅ እንዲል ከውስጡ ያልተራገፈ ነገር የለም። ምንጣፉ ቀርቶ ወለሉ ላይ ጎማ ተነጠፈ፤ ወንበሩ ደግሞ እንደ ታክሲ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። ሞተሩ ላይ ግን አልቆጠቡም፤ ቴስታታውንና ካምሻፍቱን ከትልቁ 440 ሞተር ተውሰው 335 የፈረስ ጉልበት አወጡለት። ለካርቱኗ ወፍ ስምና ሥዕል ለዋርነር ብራዘርስ 50 ሺህ ዶላር ከፈሉ፣ ክላክሱም እንደ ወፏ "ቢፕ ቢፕ" እንዲል ተደረገ። ልጅ የሆነ ሐሳብ ነው አይደል? ግን በዚያው ዓመት ከ44 ሺህ በላይ ሸጡ።

እንግዲህ ይሄን መኪና ነው ወዳጄ በክሮምና በቆዳ ሊያለብሰው የተነሣው። ጎማ የተነጠፈበት ወለል ጉድለት አይደለም። መኪናው ማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይሄን ምክር የምሰጠው ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አሮጌ መኪና የሚያድስ ጋራዥ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። አንዲት ሴት የአባቷን የ1969 ሼቬል ኤስኤስ አመጣች። አባትዬው አዲስ ገዝቶት እስከሚሞት የነዳው ነው። "እንደ አዲስ አድርጉልኝ" አለች፤ እኛም አደረግን። እስከ ሻንሲው ፈታነው። ቀለሙን ገፈን፣ አሸዋ ነፍተን፣ ስቱኮ ለቀን፣ በዘመኑ ቀለም ቀብተን፣ ከላይ እንደ መስታወት የሚያበራውን ሽፋን ደረብንበት። ውስጡን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ቀየርን። የዳሽቦርዱ ኪስ በዚያ ዘመን ከካርቶን ነበር የሚሠራው። አሮጌው ተቀዳዶ ነበርና አዲስ አዝዘን ገጠምን። አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። ስጥለው ውስጡ በእርሳስ የተጻፈ ነገር እንዳለ አይቻለሁ። ቀንና ቁጥር፣ ቀንና ቁጥር። ዘይት የተቀየረበት ቀንና ማይል ነበር፤ የመጀመሪያው መስመር 1969፣ የመጨረሻው 1991።

ልትወስደው የመጣች ቀን ዞር ዞር ብላ አየችው። "በጣም ያምራል" አለች። ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈተች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ከፍላ፣ አመስግና ሄደች።

አለቃዬ ያን ቀን ለሁላችንም ፒዛ ገዛልን፤ መኪናው በጣም አምሮ ነበርና። እኔ አልበላሁም ብል ውሸት ነው፣ በልቻለሁ። ግን እስከ ዛሬ እጇ ወደ ኪሱ ሲሄድ ይታየኛል። ያ ካርቶን ዋጋው ስንት ነበር? አዲሱ ያኔ ሃያ ምናምን ዶላር ነው።

እና ልጄ፣ አንድ ያልታደሰ መኪና ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርህ፤ አንተ የምታየው ያረጀ ቀለም ብቻ ስለሆነ።

ኮፈኑን ክፈት። ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ላሜራ ላይ በጠመኔ ወይም በሰም እርሳስ የተሞነጫጨረ ቁጥር ወይም ፊደል ልታገኝ ትችላለህ። ብሎኖች ላይ ነጠብጣብ ቀለም ታያለህ፤ ተቆጣጣሪው "ይሄን አጥብቄዋለሁ" ብሎ የተወው ምልክት ነው። በግራ በኩል በመከላከያው ውስጠኛ ላሜራ ላይ በቁጥር የተቀረጸች ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ የመኪናው ሞተር፣ ማርሽ፣ ቀለምና ጨርቅ ሁሉ በኮድ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከወንበሩ ስፕሪንግ መሀል ወይም ከነዳጅ ታንከሩ በላይ የፋብሪካው ወረቀት ተጣጥፎ ሊገኝ ይችላል። ሠራተኞቹ መኪናውን ሲገጣጥሙ የሚያነቡት ወረቀት ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ማንም ስለማይፈልገው እዚያው ይቀር ነበር። ወንበር ቤት ወስደህ "አዲስ ቆዳ አልብሱልኝ" ስትል መጀመሪያ የሚጣለው ያ ነው፤ አይጥ የበላው ቆሻሻ ይመስላላ።

ደግሞ አስተውል፤ ፋብሪካው ፍጹም አልነበረም። ከሥር ቀለሙ ሙሉ በሙሉ አልደረሰም፣ አንዳንድ ቦታ ፈስሶ ደርቋል፣ ላሜራው የተገናኘበት ላይ ማሸጊያው በጣት የተለቀለቀ ይመስላል። በሰዓት ብዙ መኪና የሚያወጣ የዲትሮይት ሠራተኛ ለቁንጅና ውድድር አልነበረም የሚሠራው። አዳሾች ግን ይሄን ሁሉ "እናስተካክላለን"። ውጤቱ በዚያን ዘመን ያልነበረ መኪና ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ፔንስልቬንያ ካርላይል በሚደረገው የክራይስለር መኪኖች ትርዒት ላይ እሄዳለሁ። ሠላሳ የታደሰ ሮድ ራነር ቆሞ አንድ ያልታደሰ ካለ፣ ሌሎቹን የሚያድሱት ሰዎች ካሜራ ይዘው በሆዳቸው የሚተኙት በዚያ ባልታደሰው ሥር ነው። ብሎኑ ምን ቀለም ነበር? ቱቦው በየት በኩል ነበር ያለፈው? መልሱ እዚያ ብቻ ነው ያለው። የብራና መጽሐፍ የምታውቁ ይገባችኋል፤ ከግልባጭ ላይ ግልባጭ ሲገለበጥ ስሕተቱም አብሮ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ብራና ካልጠፋ ይታረማል። እሱን ፍቀህ በላዩ ላይ አዲስ ከጻፍክበት ግን በምን ታመሳክራለህ? (አገር ቤት የጥንት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል በዘይት ቀለም "ሲታደስ" አይቶ አንጀቱ ያረረ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኔ ያልኩትም ይሄንኑ ነው።)

አሁን "ቲቸር የሚናገሩት ለሙዚየም ነው፣ ለገበያ የሚያዋጣው ማደስ ነው" የሚል አይጠፋም። ድሮ እውነት ነበረ። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። የአሜሪካ ጥንታዊ መኪኖች ክበብ ላልታደሱ መኪኖች ራሱን የቻለ ምድብ አለው። ቺካጎ አጠገብ ሮዝሞንት ላይ በየዓመቱ ኅዳር ገደማ በሚደረገው ትልቅ የመስል ካር ትርዒት ከነአቧራቸው የሚቀርቡ መኪኖች ልዩ ቦታ አላቸው፤ ሕዝቡም የሚጋፋው እዚያ ነው።

"ቡሊት" የሚለውን የ1968 ፊልም ያያችሁ ስቲቭ ማክዊን የነዳውን አረንጓዴ ሙስታንግ ታስታውሱታላችሁ። ያ መኪና ከፊልሙ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በ1974 ኪርናን የሚባል ቤተሰብ በ6,000 ዶላር ገዛው። እማወራዋ አስተማሪ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት በሱ ነበር። አስቡት፣ በዓለም ዝነኛው ሙስታንግ የአስተማሪ ሰርቪስ ሆኖ! በ1977 ማክዊን ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ልግዛችሁ አለ፤ አልሸጡም። ከዚያ ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ ቆመ፣ ዓመታት አለፉ። ልጃቸው በ2018 ዲትሮይት ላይ ለሕዝብ ሲያቀርበው እንዲነዳ አድርጎታል፣ ቀለሙን ግን አልነካውም። የደበዘዘው ቀለም እንዳለ ነው፣ የዛገው እንዳለ ነው፣ ለፊልሙ ካሜራ የተበየደው ብረትም ከሥሩ እንዳለ ነው። ጥር 2020 ፍሎሪዳ ላይ በጨረታ ከነኮሚሽኑ 3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ተፍቆ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ከሌሎቹ አረንጓዴ ሙስታንጎች በምን ይለይ ነበር?

ያንተ ሮድ ራነር ሚሊዮን አያወጣም፤ ሕልም አላሳይህም። 383 ነው፣ ሄሚ አይደለም፣ ፊልም ላይም አልወጣም። ግን ሒሳቡ ላንተ የባሰ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ሙሉ በሙሉ በአግባቡ ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ መኪናው ከሚያወጣው ይበልጣል። ከምርቃቱ በፊት በርካሽ ከተሠራ ደግሞ ስቱኮው በሁለት ክረምት ይነሣል። ያኔ ያልታደሰውም የለህ፣ የታደሰውም የለህ።

ይሄን ስል ዝገት የማመልክ እንዳይመስላችሁ። መተው ማለት መጠበቅ አይደለም። በ1957 የኦክላሆማዋ ቱልሳ ከተማ ሰዎች አንድ አዲስ ፕላይማውዝ ቤልቪዴር ለመጪው ትውልድ ብለው ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ በኮንክሪት ጉድጓድ ቀበሩ። በ50 ዓመቱ ይወጣል ተባለ። ምናልባት በ2007 ቤንዚን የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል ብለው ቤንዚን በጀሪካን አብረው አስቀመጡለት። በ2007 በሕዝብ ፊት ሲከፈት ጉድጓዱ ውሃ ገብቶበት ነበር፤ መኪናው ዝገት ብቻ ሆኖ ወጣ። አንድ ቀን እንኳን አልተነዳም፣ አንድ ሰው እንኳን አልነካውም፤ ግን አለቀ። መኪና የሚጠበቀው በእጅ ነው። እየነዱት፣ እየሰሙት፣ እያሸተቱት።

የታጠፈ፣ ወለሉ የበሰበሰ፣ ሰው የሚጥል መኪና ካለ ደግሞ ይበየድ፣ ይታደስ፤ ጠብ የለኝም። ሮድ ራነር የተለየ ሻንሲ የለውም፣ አካሉ ራሱ ነው የሚሸከመው፤ ከሥር የሚሄዱት ተሸካሚ ብረቶች ከተበሉ ጨዋታ የለም። ያንተ ግን በፎቶው ካልተሳሳትኩ ሥሩ ደረቅ ነው። እሱን ቅዳሜ በመዶሻ ጫፍ እየቆረቆርን እናየዋለን።

እና ምን እናድርግ? ተማሪ ሳለህ ጎበዝ ነበርክ፣ አሁን የምለውን ታውቀዋለህ፤ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ግድም የቆመ ሞተር ሲያዩ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው። ባትሪ አምጥቶ ማስነሣት! አደራህን። ፒስተኑ ቀለበት ላይ ዝገት ካለ በአንድ ሙከራ ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል። ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍታ። በየቀዳዳው ዘይት ጨምርና ተወው፤ ቀናት ይጠጣው። ከዚያ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ በእጅህ በቀስታ አዙር። እምቢ ካለ አትታገለው፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ትዕግሥት። እሺ ሲል አሮጌውን ዘይት ቀይር። ዲስትሪቢውተሩን አውጥተን የዘይት ፖምፓውን በድሪል እናዞረዋለን፤ ሞተሩ አንዴ ከመዞሩ በፊት ዘይት ኩሽኔታው ድረስ ይደርሳል። ማርሚታውና የአየር ማጣሪያው ውስጥ የአይጥ ጎጆ ካለ ይወጣል። ይኖራል፤ ሳይኖር አይቼ አላውቅም።

ታንከሩ ይወርዳል። የ1987 ቤንዚን አሁን ቫርኒሽ ሆኗል፤ ሽታውን ስትሰማ ይገባሃል። የነዳጅ ጎማ ቱቦ በሙሉ ይቀየራል፣ ምክንያቱም ዛሬ ማደያ የምትቀዳው ቤንዚን ኢታኖል አለበት፤ ያ ዘመን ጎማ ኢታኖል አይችልም፣ ይሟሟል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። ካርቡሬተሩ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ጓርኒሶኑ ተቀይሮ ራሱ ይመለሳል። "አዲስ ገዝቼ ልግጠም" እንዳትል! የእርሳሱ ነገርም አይጨነቅህ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን እዚህ አገር ለመንገድ መኪና ከ1996 ጀምሮ ክልክል ነው፤ በእሑድ እሑድ ሽርሽር የቫልቩ መቀመጫ ቶሎ አያልቅም፣ ቴስታታው ለሌላ ምክንያት ሲወርድ ያን ጊዜ ይታሰብበታል። ዘይት ስትገዛ ግን ለዚህ ዓይነት ካምሻፍት የሚሆን ዚንክ የበዛበትን ግዛ። ሱቅ ፊት ለፊት የሚደረደረው የዘመኑ ዘይት ለሱ አይበቃውም።

ፍሬን ላይ ክርክር የለም። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይጠጣል፤ ያኔ የተሞላው አሁን ቡናማ ዝቃጭ ነው። ጎማ ነክ የሆነው ሁሉ ይቀየራል፣ የብረት ቱቦው ይፈተሻል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ቀይር። ጎማዎቹም እንደዚሁ። ጥርሱ አለኝ ቢልህም አትመነው፤ ያረጀ ጎማ ሳይነግርህ ነው የሚፈነዳው። ግን አሮጌዎቹን አትጣል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። ከመኪናው የወጣ ማንኛውም ነገር፣ ብሎን ቢሆን፣ የተቃጠለ ፑንቲና ቢሆን፣ ቱቦ ማሰሪያ ቢሆን፣ በፕላስቲክ ከረጢት፣ ቀንና ከየት እንደወጣ ተጽፎ ይቀመጣል። ይሄን ደንብ ያወጣሁት ከዚያ ካርቶን በኋላ ነው።

የክራይስለር መኪና አንድ በሽታ አለበት፤ የባትሪው ጉልበት በዳሽቦርዱ አምፔር ሜትር በኩል ነው የሚያልፈው። ሞተርና ጋቢና መሀል ያለው ሶኬት ሲላላ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም መኪናውን ያቃጥላል። መጀመሪያ እሱን እናያለን። ጠላቱ እሳት ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ብናሻሽል ማንም አይፈርድብንም፤ ሲያስፈልግ የሚመለስ ይሁን እንጂ።

ቀለሙስ? ያ ቀለም በላዩ የሚያበራ ሽፋን የለውም። ከላይ እስከ ታች ራሱ ቀለሙ ነው፤ ውፍረቱም ከፀጉር ብዙም አይበልጥም። ስትወለውለው ጨርቅህ ላይ አረንጓዴ ይወጣል፤ ያ አረንጓዴ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ በማሽን መወልወል የለም። ላቫጆም አትውሰደው፣ የውሃው ግፊት የተነሣውን ቀለም ይገነጥለዋል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ሰም። የበሩ ሥር ዝገት በዘይት ወይም በሰም ይቆማል። አንዳንዱ ዝገቱን አምሮበታል ብሎ በላዩ የሚያበራ ሽፋን ይነፋበታል፤ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል እኮ። ሌላው ደግሞ አዲስ ቀለም ቀብቶ ሆን ብሎ ያረጀ ያስመስላል። እሱን ምን እንደምለው አላውቅም፤ ጎረምሳ በጠመኔ ሽበት ሲያወጣ አይታችኋል?

አሁን እውነተኛውን ነገር እንነጋገር። ልጁ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር አለኝ። "ቲቸር፣ እርስዎ ያሉት ለፈረንጅ ያምርበታል። እኔ በዚያ የደበዘዘ መኪና ምርቃት ብገባ ሐበሻው ምን ይለኛል? ገንዘብ አጥቶ ነው ይላል።"

ይሄ ገባኝ፤ ልቤንም ነካኝ። እኛ አሮጌን ነገር በምርጫ አልያዝነውም። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጯን ላዳ ሦስቴ አራቴ የቀባነው ያረጀች መሆኗን ለመደበቅ ነበር። አዲስ ቀለም ለኛ ክብር ነው፣ ለበዓል ቤት እንደመቀባት። እኔ ራሴ እዚህ አገር የገዛሁትን የመጀመሪያ መኪና ስቱኮ ያለበስኩት ጭረቱ አሳፍሮኝ ነው። ስለዚህ አልስቅብህም። ግን አስብ፤ አዛውንቱ ያንን መኪና ለነጋዴ መሸጥ ይችሉ ነበር። ላንተ የሰጡት በረዶ ስለጠረግህላቸው ነው። የኋላው ፓራውልት ጠባሳ ከየት እንደመጣ ጠይቀሃቸዋል? ሳይሄዱ ጠይቃቸው፣ በስልክህ ቅዳቸው። ምርቃቱ ላይ "ይሄ ምንድነው?" ያለህ ሐበሻ ሁሉ ታሪኩን ሰምቶ ይሄዳል። ቀይ ቀለም ላይ ምን ታወራለታለህ? የቀለም ቤቱን ዋጋ?

ይሄን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ላክሁለት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ "ቀብዱስ ቲቸር?" ብሎ ጻፈልኝ። ግማሹን እኔ እችላለሁ አልኩት። ገና እሺ አላለም። ቀጠሮውን ግን በሁለት ሳምንት አራዝሞታል።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከዚህ እነሣለሁ፤ ቁልፎቼን፣ ድሪሌንና የእጅ ባትሪዬን ይዤ። ኮሎምበስ አካባቢ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ብቅ በሉ፤ እጅ ያስፈልገናል፣ ምሳም አለ ተብሏል። እስከዚያ ድረስ ልጄ፣ አትጠበው፣ ቁልፉን አታዙር፣ ባትሪም አትግጠምበት። የዳሽቦርዱን ኪስ ብቻ ክፈትና ውስጡን በደንብ አብርተህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።